ዛንዚባር በሰባት ቀን፦ የጉዞ ዕቅድ አወጣጥ መመሪያ

ዛንዚባር በይፋ የደሴቶች ስብስብ ብትሆንም፣ አብዛኛው መንገደኛ የሚሄደው ወደ ዋናዋ ደሴት ወደ ኡንጉጃ ነው። ኡንጉጃ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ፣ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 6 ዲግሪ ግድም፣ ከታንዛኒያ የብስ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ከሰሜን ጫፏ እስከ ደቡብ ጫፏ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወርዷ በሰፊው ቦታ እንኳ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ይህ ትንሽነቷ ዕቅድ አውጪውን ያሳስታል። ካርታውን ያየ ሁሉ በየቀኑ አንድ አዲስ የባሕር ዳርቻ ማዳረስ ያምረዋል። መንገዶቹ ግን አብዛኞቹ ከዋና ከተማዋ ከስቶን ታውን ተነሥተው ወደየአቅጣጫው የሚዘረጉ ናቸው፤ ከደቡብ ምሥራቁ ጠረፍ ወደ ሰሜኑ ጫፍ የሚጓዝ መኪና ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። በዚያ ላይ የሆቴል ክፍል ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ተለቅቆ አዲሱ የሚገኘው ከሰዓት በኋላ ነው። ማደሪያ በተቀየረ ቁጥር ግማሽ ቀን ይሄዳል ማለት ነው። ለሰባት ቀን ሦስት ማደሪያ ይበቃል፤ አራተኛ የሚጨምር ሰው ከባሕሩ ይልቅ ሻንጣውን ሲያይ ይሰነብታል።

የዕቅዱ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ ወቅቱ፣ ቀጥሎ ጨረቃዋ፣ ከዚያ ሰነዱ፣ በመጨረሻ ማደሪያው። ብዙዎች የሚጀምሩት ከመጨረሻው ነው።

ወቅቱን መምረጥ

የደሴቲቱን ዓመት የሚከፍሉት ሁለት ነፋሶችና ሁለት ዝናቦች ናቸው። ከሰኔ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ኩሲ የሚባለው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል፤ ወራቱ ደረቅና በአንጻሩ ቀዝቀዝ ያሉ ናቸው። ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ደግሞ ተራው ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው የካስካዚ ነው፤ ያን ጊዜ ሙቀቱ ይበረታል፣ አየሩም በእርጥበት ይከብዳል። በሁለቱ መካከል ዝናብ አለ። ማሲካ የሚባለው ረጅሙ ዝናብ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ይዘልቃል፤ ቩሊ የሚባለው አጭሩ ዝናብ በኅዳር ዙሪያ መጣ መጣ እያለ ያልፋል።

ከኢትዮጵያ ለሚነሣ ሰው ይህ አቆጣጠር ምቹ ነው። ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ በዝናብ ስትርስ ዛንዚባር ደረቅ ናት፤ የትምህርት ቤት ዕረፍትም የሚውለው በዚሁ ጊዜ ነው። እንቁጣጣሽና መስቀልም በመልካሙ ወቅት ውስጥ ናቸው፤ እንዲያውም መስከረም ላይ የነሐሴው የአውሮፓ ጎብኚ ቀለል ስለሚል ዋጋው ለድርድር ይመቻል። ገናና ጥምቀት በሙቀቱ ወራት ይውላሉ፤ ባሕሩ ያን ጊዜ ጥሩ ነው፣ የሆቴል ዋጋ ግን በፈረንጆቹ ዘመን መለወጫ ሰሞን ከዓመቱ ሁሉ የላቀው ነው። ፋሲካ ብዙ ጊዜ የሚውለው በማሲካ ውስጥ ነው። አንዳንድ ሆቴሎች በዚያ ወቅት ለጥገና ይዘጋሉ፣ የተከፈቱት ዋጋ ይቀንሳሉ፤ በርካሽነቱ ተስቦ የሚሄድ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ የሚወርድ ዝናብና የደፈረሰ ባሕር ሊያጋጥመው እንደሚችል አስቦበት ይሂድ።

ነፋሱ የሚያዳላው ዳርቻ አለ። በኩሲ ወራት ምሥራቁ ጠረፍ ነፋሻ ነው፤ በካይት እየተጎተተ በሞገድ ላይ ለሚንሸራተት ስፖርተኛ ይህ ሲሳይ ሲሆን፣ ሕፃን ይዞ ለሚሄድ ወላጅ ግን አሸዋ ዓይን ውስጥ የሚያስገባ ችግር ነው። በካስካዚ ወራት ደግሞ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የዞሩት ዳርቻዎች ይነፍስባቸዋል፣ ሞገዱም የባሕር ሣር እየገፋ ያከማችባቸዋል። በሰሜን ምዕራብ በኩል ያለችው ኬንድዋ በሁለቱም ወቅት የተከለለች ስለሆነች፣ ስለ ነፋስ ማሰብ የማይፈልግ ሰው ማደሪያውን እዚያ ቢያደርግ ብዙ አይሳሳትም።

ከነዋሪው እጅግ የሚበዛው ሙስሊም ነው። በረመዳን ቀን ቀን ብዙ ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ ወይም መጋረጃ ይጋርዳሉ፤ በጎዳና ላይ መብላት፣ መጠጣትና ማጨስ ነውር ነው። የባሕር ዳርቻ ሆቴሎች እንደወትሮው ያስተናግዳሉ። ረመዳን በፀሐይ አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደፊት ስለሚቀድም፣ ቀን ከመቁረጥ በፊት የዓመቱን ማጣራት ይገባል። በየካቲት ወር ሳውቲ ዛ ቡሳራ የሚባለው የሙዚቃ ፌስቲቫል ሲካሄድ የስቶን ታውን ማደሪያዎች ቀድመው ይያዛሉ፤ ሙዚቃ ለሚወድ ሰው ጉዞውን ከዚያ ጋር ማገጣጠም የሚያዋጣ ነው።

ጨረቃና ባሕር

በምሥራቁ ጠረፍ ያደረ ሰው ማለዳ በመስኮት ያየው ሰማያዊ ውሃ ረፋዱ ላይ የለም። በቦታው በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር፣ በአንዳንድ ቦታም ከአንድ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ እርጥብ አሸዋ ተዘርግቶ፣ ጀልባዎች በጎናቸው ተጋድመው ይታያሉ። ውሃው ወደ ኮራሉ ድንበር ሸሽቷል። ብዙ ጎብኚ የተታለለ የሚመስለው በዚህ ሰዓት ነው፤ የጉዞ ማስታወቂያ ፎቶዎች ሁሉ ባሕሩ ሲሞላ የተነሡ ናቸውና።

ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሚወሰነው በጨረቃ ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ፣ በተለይም ከዚያ በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት፣ ልዩነቱ ወደ 4 ሜትር ይጠጋል፤ ግማሽ ጨረቃ ሰሞን ግን እጅግ ያንሳል። ለዕቅድ አውጪ የሚጠቅመው ነገር ሰዓቱም ከጨረቃዋ ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው። በዛንዚባር ሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ ሰሞን ባሕሩ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ግድም ጎድሎ ከቀኑ 10 ሰዓት ግድም ይሞላል። ግማሽ ጨረቃ ሰሞን ነገሩ ይገለበጣል፦ ረፋዱ ላይ ይሞላል፣ አመሻሽ ላይ ይጎድላል።

ስለዚህ የታሰበው ሳምንት ከታወቀ በኋላ የሚከተለው ሥራ የጨረቃ ቀን ያለበት ካላንደር ማውጣት ነው። ግማሽ ጨረቃ በሳምንቱ መጀመሪያ ወይም መካከል ከዋለች፣ በምሥራቁ ጠረፍ ረፋዱን ሙሉ መዋኘት ስለሚቻል ከዚያ በኩል መጀመር ይጠቅማል። ሙሉ ወይም አዲስ ጨረቃ ከዋለች ደግሞ ሁለት ምርጫ አለ፦ የምሥራቁን ሌሊቶች ቀንሶ በሰሜን መጨመር፣ ወይም ምሥራቁን የዋና ሳይሆን የእግር ጉዞ ቦታ አድርጎ መቀበል። ሁለተኛው ምርጫ ከሚወራለት የተሻለ ነው፤ የባሕር ሣር የሚያመርቱት ሴቶች ሥራቸውን የሚሠሩት ውሃው ርቆ በሚሸሽባቸው በእነዚሁ ቀናት ነው። በሰሜን ኑንግዊና ኬንድዋ ዳርቻው ወዲያው ስለሚጠልቅ ቀኑን ሙሉ መዋኘት ይቻላል። ትክክለኛው ሰዓት በዛንዚባር ወደብ የሙላትና የጉድለት ሠንጠረዥ ላይ ይገኛል፤ የዳርቻ ሆቴሎችም የዕለቱን በሰሌዳ ይጽፋሉ።

ሰነድ፣ ክትባትና ገንዘብ

ዛንዚባር የተባበረችው የታንዛኒያ ሪፐብሊክ አካል ስለሆነች የሚያስፈልገው ቪዛ የታንዛኒያው ነው። ማመልከቻው በታንዛኒያ ኢሚግሬሽን የኢንተርኔት ገጽ ይቀርባል፤ ተራው የጎብኚ ቪዛ 50 ዶላር፣ ለአሜሪካ ፓስፖርት ያዥ ደግሞ 100 ዶላር ነው። ደንቡ እንደ ፓስፖርቱ ስለሚለያይ፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ፓስፖርት የሚጓዙ የአንድ ቤተሰብ አባላት የእያንዳንዳቸውን ለየብቻ ማጣራት አለባቸው፤ አንዱ በቀናት ያገኘውን ሌላው ሳምንታት ሊጠብቅ ይችላል። ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት ከቪዛ በፊት አይቆረጥም።

ከቪዛው ሌላ የዛንዚባር መንግሥት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ማንኛውም የውጭ ጎብኚ የደሴቲቱን የጉዞ መድን እንዲገዛ ያስገድዳል። ዋጋው ለአዋቂ 44 ዶላር ሲሆን እስከ 92 ቀን ያገለግላል። የሚሸጠው የዛንዚባር መድን ኮርፖሬሽን ሲሆን ክፍያው ከጉዞ በፊት በኢንተርኔት ይፈጸማል። ከሌላ ኩባንያ የተገዛ መድን ይህን አይተካም።

ከኢትዮጵያ የሚነሣ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ መያዝ ይኖርበታል፤ በሽታው ካለባቸው አገሮች ለሚመጣ ሰው ታንዛኒያ ይህን ትጠይቃለች። ከዋሽንግተን ወይም ከፍራንክፈርት ተነሥቶ በአዲስ አበባ አውሮፕላን የሚቀይርም ቢሆን ቆይታው ከ12 ሰዓት ከበለጠ ይመለከተዋል፤ ቤተሰብ ጠይቆ ለሚያልፍማ ምንም ጥያቄ የለውም። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት መሮጥ አይጠቅምም። ወባ በደሴቲቱ በጣም ቀንሷል፣ አልጠፋም፤ መከላከያ መድኃኒት የመውሰዱ ውሳኔ የሐኪም ነው፣ ረጅም እጅጌና አጎበር ግን የሐኪም ትእዛዝ አይሹም።

መገበያያው የታንዛኒያ ሽልንግ ነው። ኤቲኤም በብዛት ያለው በስቶን ታውን ስለሆነ ለዳርቻው ቀናት የሚበቃው ጥሬ ገንዘብ እዚያው ይወጣል። ዶላር የሚይዝ ሰው ንጹሕና ያልተቀደደ፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ የታተመ ኖት ይምረጥ፤ ያረጀውን መንዛሪዎች ይመልሱታል። ከኢትዮጵያ ለሚወጣ ሰው ባንኮች ለጉዞ የሚሸጡትን የውጭ ምንዛሪ ለማግኘት ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ስለሚጠየቅ፣ ቪዛው ቀድሞ ማለቁ ለዚህም ይረዳል።

ሻንጣ ሲዘጋጅ ሁለት ነገር ይታወስ። ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2019 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች፤ ክልከላው ጎብኚንም ይጨምራል፤ ስለዚህ ልብስና ጫማ በጨርቅ ከረጢት ይታሸጉ። የኤሌክትሪክ ሶኬቱም ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው የእንግሊዝ ዓይነት በመሆኑ አዳፕተር ያስፈልጋል።

መድረስና ማደሪያ መያዝ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ዛንዚባር ይበራል፤ በቀጥታ ከሆነ ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚነሡ በዱባይ ወይም በዶሃ በኩል ሌላ አማራጭ አላቸው። ዳሬሰላም የደረሰ ሰው በፈጣን ጀልባ ሁለት ሰዓት ገደማ ተጉዞ ስቶን ታውን ወደብ ይወርዳል፤ በኩሲ ወራት ባሕሩ ስለሚናወጥ ሆዱ የሚረበሽ ሰው አውሮፕላኑን ቢመርጥ ይሻለዋል።

የሰዓት ቀጠናው የኢትዮጵያው ነው። ከዚያም በላይ፣ ስዋሂሊ ተናጋሪው ሰዓት የሚቆጥረው እንደ ኢትዮጵያዊው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ የጠዋት አንድ ሰዓት እዚያም አንድ ሰዓት ነው። ለአውሮፓዊ ግራ የሚያጋባው ይህ አቆጣጠር ለአማርኛ ተናጋሪ የቤቱ ነው፤ አደጋው ያለው እንግሊዝኛ በመካከል ሲገባ ነው። ሾፌር በእንግሊዝኛ «አራት ሰዓት» ካለ ጠዋት ረፋድ ይሁን የቀኑ አሥር ሰዓት፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደተናገረ ደግሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። የጀልባና የአውሮፕላን ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ሁልጊዜ የፈረንጆቹ ነው።

ስድስቱ ሌሊቶች ሁለት በስቶን ታውን፣ ሁለት በደቡብ ምሥራቅ፣ ሁለት በሰሜን ተደርገው ቢከፈሉ የሳምንቱ ሚዛን ይጠበቃል። አንዳንዶች ከተማዋን ለመጨረሻ ያስቀምጧታል፤ አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሚርቅ ምክንያታቸው የሚያስኬድ ነው፣ የመመለሻው በረራ ማለዳ ከሆነም ትክክል ናቸው። በሌላ ጊዜ ግን ከተማዋ ብትቀድም ይመረጣል። ገንዘቡ፣ ሲም ካርዱ፣ መድኃኒት ቤቱ ያለው እዚያ ነው፤ የቅርንፉዱና የባሪያ ንግዱ ታሪክም ከታወቀ በኋላ ቀሪው ደሴት ሌላ መልክ ይኖረዋል። ክፍል ሲያዝ በነፍስ ወከፍ በየሌሊቱ የሚታሰበው የመሠረተ ልማት ክፍያ በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩ ይጠየቃል።

ከማደሪያ ወደ ማደሪያ ለመሄድ ሦስት መንገድ አለ። ርካሹ ዳላዳላ የሚባለው የሕዝብ መኪና ነው፤ ከስቶን ታውን 116 ቁጥር ወደ ኑንግዊ፣ 309 ቁጥር ወደ ጃምቢያኒ ይሄዳል። ዝግተኛና የተጨናነቀ ነው፤ ትንሽ ቦርሳ ለያዘ ብቸኛ መንገደኛ ግን ከነዋሪው ጋር የሚያቀራርበው እሱ ነው። ታክሲ በሆቴል በኩል ሲያዝ ዋጋው አስቀድሞ ይቆረጣል፤ ለሦስት ወይም ለአራት ሰው ሲካፈል ውድ አይደለም። መኪና መከራየት የሚፈልግ ሰው በደሴቲቱ የሚሰጠውን ጊዜያዊ የመንጃ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ የትራፊክ ፖሊስ በየኬላው ይጠይቃል። መንዳቱ በግራ በኩል ነው፤ በቀኝ መንዳት ለለመደ ሰው ከሳምንቱ ሁለት ቀን የሚሄደው እሱን በመልመድ ነው።

ቀን አንድና ሁለት፦ ስቶን ታውን

ስቶን ታውን እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ጎዳናዎቿ መኪና የማያስገቡ ጠባብ መተላለፊያዎች ናቸው፤ ታክሲው ዳር ላይ አቁሞ ሻንጣው በሰው እጅ ይገባል። ስለዚህ ማደሪያው ወደብ ወይም ሻንጋኒ አካባቢ፣ መኪና ለሚደርስበት ቦታ የቀረበ ቢሆን ይመረጣል። መተላለፊያዎቹ ውስጥ መጥፋት የማይቀር ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ወይ ባሕሩ ወይ ትልቁ መንገድ ስለሚገኝ ግን አያሠጋም። አስጎብኚ ነኝ እያሉ የሚከተሉ ደላሎች አሉ፤ አንድ ጊዜ በትሕትናና በቁርጥ እምቢ ማለት ከረጅም ክርክር ይሻላል። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ በሆቴሉ በኩል ይያዛል።

በመጀመሪያው ቀን አመሻሽ ላይ ፎሮዳኒ መናፈሻ ይበቃል። ፀሐይ ስትጠልቅ ምግብ ሻጮች መብራታቸውን አብርተው ይደረደራሉ፦ በስንጥር ተሰክቶ በከሰል የተጠበሰ ሥጋና ዓሣ፣ ከማንጎና ከድንች የሚሠራው ኡሮጆ የሚባል ቀጭን ሾርባ፣ የሸንኮራ ጭማቂ ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር። ዋጋው ከመታዘዙ በፊት ይጠየቃል፤ የባሕር እንስሳቱ የዋሉ ይሁኑ ትኩስ ለመለየት ስለሚያስቸግር እዚያው ፊት ለፊት የሚጠበሰውን መምረጥ ደኅና ነው።

የሁለተኛው ቀን ጠዋት ለምኩናዚኒ ይሰጣል። በዚህ ስፍራ የምሥራቅ አፍሪካ ትልቅ የባሪያ ገበያ ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ1873 ሱልጣን ባርጋሽ በብሪታንያ ግፊት ውል ፈርመው ሲዘጋ፣ የአንግሊካን ካቴድራል በቦታው ላይ ተሠራ። መንበሩ የቆመው መግረፊያው ግንድ በነበረበት ቦታ እንደሆነ ይነገራል። በቅጥሩ ውስጥ ስዊድናዊቷ ቀራፂ ክላራ ሶርናስ እ.ኤ.አ. በ1998 የሠራችው መታሰቢያ አለ፦ አንገታቸው በሰንሰለት የተያያዘ ሰዎች በጉድጓድ ውስጥ ቆመዋል። አጠገቡ ያለው ኤግዚቢሽን በጥሩ ጽሑፍ የተዘጋጀ ስለሆነ አንድ ሰዓት ተኩል ቢመደብለት አይበዛም፤ በሩጫ የሚታይ ነገር አይደለም።

ከዚያ በእግር ዳራጃኒ ገበያ፣ የድሮው ምሽግ፣ የተቀረጹት የእንጨት በሮች በየተራ ይደረስባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1883 ሱልጣን ባርጋሽ ያሠሩት «የድንቆች ቤት» እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በከፊል ስለፈረሰ ለረጅም ጥገና ተዘግቷል፤ ውስጡን ለማየት ማቀድ አይገባም። የዘፋኙ የፍሬዲ መርኩሪ አድናቂዎች እ.ኤ.አ. በ1946 የተወለደባትን ከተማ በስሙ በተከፈተው ትንሽ ሙዚየም ያስታውሷታል፤ ላልሆነ ሰው ቢታለፍ የሚቀር ነገር የለም።

ከሰዓት በኋላ በጀልባ ግማሽ ሰዓት ያህል ወደምትርቀው ቻንጉ ደሴት መሄድ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1893 እስር ቤት እንዲሆን የተሠራው ሕንፃ እስረኛ ሳይገባበት የበሽተኞች ማቆያ ሆኗል። ሰው የሚሄደው ግን ለግዙፎቹ ኤሊዎች ነው፤ የመጀመሪያዎቹ እ.ኤ.አ. በ1919 ከሲሸልስ በስጦታ የመጡ ናቸው። ናኩፔንዳ የሚባለው የአሸዋ ደለል በዚሁ አቅጣጫ ነው፤ ባሕሩ ሲሞላ ስለሚሰጥም ሰዓቱ ሳይታይ ጀልባ መከራየት ከንቱ ነው።

ቀን ሦስትና አራት፦ በጆዛኒ በኩል ወደ ደቡብ ምሥራቅ

ማደሪያ የሚቀየርበትን ቀን ራሱን የጉብኝት ቀን ማድረግ ከዚህ መመሪያ ሁሉ በላይ ጊዜ ያተርፋል። ከስቶን ታውን ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚወስደው መንገድ በጆዛኒ ጫካ ደጃፍ ያልፋል፤ ሾፌሩ ሻንጣውን ይዞ ሁለት ሰዓት እንዲጠብቅ አስቀድሞ ይነገረዋል። ጆዛኒ ችዋካ እ.ኤ.አ. በ2004 ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል። በዓለም ላይ ከዛንዚባር ደሴቶች ሌላ የማይገኘው የዛንዚባር ቀይ ጉሬዛ እዚህ በመንጋ ይኖራል። ሰው ስለለመደ ወደ መንገዱ ወርዶ ቅጠል ይሸመጥጣል፤ ያም ሆኖ መንካትም መመገብም ክልክል ነው፣ የሰው ጉንፋን ለእሱ አደገኛ በሽታ ሊሆን ይችላል። ጠዋት በማለዳ ወይም ከ9 ሰዓት በኋላ መድረስ ይመረጣል፤ እኩለ ቀን ላይ እንስሶቹም ጎብኚውም በሙቀት ይደክማሉ። በአየር ሥር ባቆጠቆጡት የማንግሮቭ ዛፎች መካከል የተዘረጋው የእንጨት መተላለፊያ በዚሁ ትኬት ይታያል።

ማደሪያው ፓጄ ወይም ጃምቢያኒ ይሆናል። ፓጄ የወጣቶችና የካይት ስፖርተኞች ሰፈር ናት፣ ሙዚቃዋ ያመሻል። ጃምቢያኒ ረጅም የዓሣ አስጋሪዎች መንደር ናት፤ ጸጥታ ለሚሻና ልጆች ላሉት እሷ ትሻላለች። በሁለቱም ውሃው ሲሸሽ ሴቶች በችካልና በገመድ የተዘረጋውን የባሕር ሣር ሲያርሙና ሲሰበስቡ ይታያል። ይህ እርሻ በደሴቲቱ በሰፊው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲሆን ምርቱ ለምግብና ለመዋቢያ ማምረቻ ወደ ውጭ ይላካል፤ የባሕሩ ሙቀት መጨመር ምርቱን እየጎዳው ነው። ማሳው የሰው ንብረት ስለሆነ በገመዶቹ መካከል አይረገጥም፣ ሴቶቹንም ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሣት ያስቆጣል። ለእግር የጎማ ጫማ ያስፈልጋል፤ በድንጋዩ መካከል የሚቀመጠው እሾሃማ የባሕር ጃርት ለወጋው ሰው የዕረፍቱ ቀሪ ቀናት ሥቃይ ናቸው።

በአራተኛው ቀን በስተሰሜን ወደ ሚቻምቪ ልሳነ ምድር መውጣት ይቻላል። በፒንግዌ ዳርቻ ዘ ሮክ የሚባለው ምግብ ቤት በአንድ አለት ላይ ተቀምጧል፤ ባሕሩ ሲጎድል በእግር፣ ሲሞላ በጀልባ ይገባል። ውድ ነው፣ ቦታም አስቀድሞ ይያዛል፤ ምግቡ ከሥዕሉ አይበልጥም። ከልሳነ ምድሩ ማዶ ሚቻምቪ ካዬ ወደ ምዕራብ የዞረች ስለሆነች በምሥራቁ ጠረፍ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚታይባት ብርቅ ቦታ ናት።

ብዙ አስጎብኚ በዚህ ቀን ወደ ኪዚምካዚ የዶልፊን ጉዞ ያቀርባል። በርካታ ሞተር ጀልባዎች ጥቂት እንስሳትን ከበው የሚያሳድዱበት ስለሚሆን መተው ይሻላል። ኪዚምካዚ የሚሄድ ካለ እ.ኤ.አ. የ1107 ጽሑፍ ያለበትን ጥንታዊ መስጊድ ያስቀድም።

ስለ ምግብ አንድ ነገር ይጨመር። በጾም ወራት ወይም በረቡዕና በዓርብ የሚጾም ክርስቲያን በደሴቲቱ አይቸገርም፦ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ሩዝና ባቄላ፣ ስፒናች፣ የበቆሎ ገንፎና ካሳቫ የዕለት ምግብ ናቸው። ቂጣው በቅቤ ይሁን በዘይት መጋገሩን መጠየቅ ብቻ ነው።

ቀን አምስትና ስድስት፦ በቅመም እርሻ በኩል ወደ ሰሜን

ከጃምቢያኒ ወደ ኑንግዊ የሚወስደው መንገድ ወደ ስቶን ታውን ጠጋ ብሎ ስለሚያልፍ የኪዚምባኒ አካባቢ የቅመም እርሻዎች ለመቆሚያ ይመቻሉ። በ19ኛው መቶ ዘመን የኦማን ሱልጣኖች ቅርንፉድ አስተክለው በባሪያ ጉልበት ደሴቶቹን የዓለም ዋና አቅራቢ አድርገዋቸዋል። በአበሻ ጓዳ ደርቀው ብቻ የሚታወቁት ቅርንፉድ፣ ሄል፣ ቀረፋ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ እርድና ገውዝ እዚህ በዛፋቸውና በሥራቸው ይታያሉ፤ ሄል ከመሬት አጠገብ የሚያፈራ መሆኑ ኮረሪማን የሚያውቅ ሰው አይገርመውም። ጉብኝቱ ከሁለት ሰዓት አይበልጥም። በመጨረሻ ከሚቀርበው መሸጫ ይልቅ ዳራጃኒ ገበያ ላይ ቅመሙ ይረክሳል።

ኑንግዊ ድግሱና ሕዝቡ የበዛበት፣ ኬንድዋ ደግሞ ሰፊ አሸዋ ያላት ናት፤ በሙሉ ጨረቃ ሰሞን ግን ኬንድዋ ላይ የሚደረገው የዳርቻ ድግስ እስከ ንጋት ስለሚጮህ እንቅልፍ ፈላጊ የዚያን ሌሊት ሌላ ቦታ ይደር። በኑንግዊ ዳር ዳው የሚባሉትን የሸራ ጀልባዎች በእጅ መሣሪያ የሚሠሩ አናጢዎች አሁንም አሉ፤ ሲሠሩ ማየት በነጻ ነው፣ በሰላምታና በፈቃድ ከሆነ።

ስድስተኛው ቀን የምኔምባ ነው። ምኔምባ በሰሜን ምሥራቅ ያለች ትንሽ ደሴት ስትሆን የግል ሆቴል ስለያዛት መውረድ አይፈቀድም፤ የሚኬደው በዙሪያዋ ባለው ኮራል በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ዓሣ ለማየት ነው። ጀልባ ሲያዝ አራት ነገር ይጠየቃል፦ ለባሕር ጥበቃው የሚከፈለው ገንዘብ በዋጋው ውስጥ መሆኑ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሕይወት ማዳኛ ሰደርያ መኖሩ፣ የመነሻው ሰዓት፣ የሰው ብዛት። ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል የሚነሣ ጀልባ ከጅምላው ቀድሞ ይደርሳል። ዋና የማይችል ሰው ሰደርያውን ሳያወልቅ ፊቱን ብቻ ውሃው ውስጥ አድርጎ ማየት ይችላል፤ ይህ ከጀልባዋ ላይ አስቀድሞ ለመሪው ይነገር። በጀርባ የሚወርደው ፀሐይ ሳይታወቅ ስለሚያቃጥል ከክሬም ይልቅ ረጅም እጅጌ ቲሸርት ለብሶ መዋኘት አስተማማኝ ነው፣ ኮራሉንም አይጎዳም። ኮራል ላይ መቆም ክልክል ነው።

በዳርቻው ላይ የዋና ልብስ የተለመደ ነው። ወደ መንደር ወይም ወደ ከተማ ሲገባ ግን ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል፤ ወንዱም ያለ ሸሚዝ አይሄድም።

ቀን ሰባት፦ መመለስ

ከኑንግዊ ወይም ከኬንድዋ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ኬላውና የከተማው መጨናነቅ ሲታሰብ ከበረራው አምስት ሰዓት በፊት መነሣት አይበዛም። ሾፌሩ ከዋዜማው ጀምሮ ይያዛል፤ ሰዓቱም በሁለቱም አቆጣጠር ተነግሮ ይጻፍለታል። ከባሕር የተለቀመ ዛጎልና ኮራል፣ ከባሕር ኤሊ ቅርፊት የተሠራ ጌጥም ከሻንጣ ይውጣ፤ ማውጣቱ በሕግ ያስጠይቃል። ቅመም ታሽጎ ይያዛል። የተረፈው ሽልንግ ከአገር ከመውጣት በፊት እዚያው ይመነዘራል።